የዘይቤ ዓይነቶችና ፍቺያቸው

ዘይቤ ሐሳብን ከቃላት ቀጥተኛ ፍቺ ወጣ አድርጎ የመግለጫ ስልት ነው። የገጣሚ ጌጥ ብቻ ተደርጎ ቢቆጠርም፣ ያለ ዘይቤ አንድ ቀን ሙሉ ማውራት የሚችል ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። «ሆድ ባሰኝ» የሚል ሰው ስለ ጨጓራው እየተናገረ አይደለም።

በብዛት የሚያጋጥሙት ተነጻጻሪና ተለዋጭ ናቸው። ተነጻጻሪ ዘይቤ ሁለት ነገሮችን «እንደ»ን በመሳሰሉ ቃላት ያስተያያል፦ «እንደ አንበሳ ነው»። ተለዋጭ ማነጻጸሪያውን ይጥልና «አንበሳ ነው» ይላል። ልዩነቱ የአንዲት ቃል ቢመስልም ሁለተኛው ይደፍራል፤ በምን እንደሚመሳሰሉ የመፈለጉን ሥራ ለአንባቢ ይተወዋል። ሲደጋገም ግን ይሞታል። «የጠረጴዛ እግር» ሲባል እውነተኛ እግር የሚታየው ሰው የለም፤ የመጽሐፍ «ገጽ»ም ፊት ማለት እንደነበር ከተረሳ ቆይቷል።

ሰውኛ ለግዑዙ የሰው ጠባይ ይሰጣል («በሩ አቃሰተ»)። እንቶኔ በአጠገብ የሌለውን ወይም መስማት የማይችለውን ያናግራል («ሌሊት ሆይ፣ መቼ ትነጋለህ?»)። ግነት ከልክ ያሳልፋል («ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ»)። አያዎ ፍቺውን በስሙ ተሸክሟል፤ «አይ» እና «አዎ» በአንድ አፍ ሲነገሩ ነው፦ «በቁሙ የሞተ»። ተናጋሪዎች ደግሞ ድግግሞሽንና መልስ የማይጠበቅበትን ጥያቄ ይወዳሉ።

ምፀት የሚባለውና የሚታሰበው ሲቃረኑ ነው። ብርጭቆ ለሰበረ ልጅ «ጎሽ፣ ደግ አደረግህ!» ሲባል ልጁ ከድምፁ ይረዳል። ጽሑፍ ድምፅ ስለሌለው ምፀተኛ ጸሐፊ ምስጋና ሰጠ ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

አማርኛ በተለይ የሚመካበት ሰምና ወርቅ ነው። ስያሜው ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው፤ ቅርጹ በሰም ይሠራል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። በቅኔም ላይ ላዩ የሚሰማው ሰም፣ የተሸሸገው ወርቅ ይባላል፤ ሁለቱን አጣምሮ የያዘው ቃል ኅብረ ቃል ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አለመለየቱ ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ በይውን፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚበላውን ያመለክታል። አንዳንዴም ንባቡ ሳይለወጥ ፍቺው ይከፈላል። «አጥፍቶ ነበር፤ አሁን ግን ተማረ» የሚለው ትምህርት ስለቀሰመ ሰው ነው፤ ምሕረት ስላገኘም ሰው ነው።