የኢሜይል ፕሮግራም ሲሻሻል የቆዩ መልእክቶችና አድራሻዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኢሜይል ፕሮግራምን ወደ አዲስ ስሪት ማሳደግ በራሱ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። የሚያስጨንቀው በውስጡ የዓመታት ደብዳቤ፣ ውልና ደረሰኝ መኖሩ፣ ባለቤቱም ያ ሁሉ በትክክል የት እንደተቀመጠ አለማወቁ ነው። በየቢሮው ኮምፒውተር ስጠግን በቆየሁባቸው ዓመታት መልእክት ጠፍቶ ያገኘሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ሳይሆን ከሚከተሉት አመለካከቶች አንዱ እንደ እውነት ተወስዶ ነው።

«አዲሱን ስሪት ከጫንኩ የቆዩት መልእክቶች ይጠፋሉ»

ፕሮግራሙ ሌላ፣ መልእክቱ ሌላ ነው። ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም መልእክቶችን፣ የአድራሻ ደብተሩንና የአካውንት ቅንብሮችን ፕሮፋይል በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል። ይህ ፎልደር ፕሮግራሙ ከተጫነበት ቦታ ውጭ ስለሚገኝ፣ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ እንደገና ቢጫን እንኳ በተለምዶ አይነካም። የማይክሮሶፍቱ የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክም በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የሚይዛቸውን መልእክቶች ፒኤስቲ በሚባል ራሱን በቻለ ፋይል ያኖራል። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰዎች ድጋፍ በተቋረጠባቸው ፕሮግራሞች ላይ ሙጥኝ ብለው ቀርተዋል፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ላይቭ ሜይል የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላ በኩል ነው፦ አንድ ጊዜ በአዲሱ ተንደርበርድ የተከፈተን ፕሮፋይል የድሮው ስሪት በቀላሉ አይቀበለውም፤ ስለዚህ ፎልደሩ ከማሻሻሉ በፊት ኮፒ መደረግ አለበት።

«መልእክቱ ኢንተርኔት ላይ ስላለ ኮምፒውተሩ ፎርማት ቢደረግም ችግር የለውም»

ከሁሉ በላይ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት ይህ ነው። ኢሜይል ወደ ኮምፒውተር የሚመጣባቸው ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ፦ አይማፕ እና ፖፕ። በአይማፕ ዋናው ቅጂ በሰርቨሩ፣ ማለትም በኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር፣ ላይ ይቆያል፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው እርሱኑ ነው። በፖፕ ግን ፕሮግራሙ መልእክቱን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ፣ እንደ ቅንብሩ ወዲያውኑ ወይም ከተወሰነ ቀን በኋላ ከሰርቨሩ ያጠፋዋል፤ በብዙ ፕሮግራሞች የተለመደው ገደብ 14 ቀን ነው። የተላኩ መልእክቶች ደግሞ በፖፕ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰርቨሩ የተላኩ ፎልደር አይገቡም፤ የሚቀሩት በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው።

በአንድ የአስመጪ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር አርጅቶ ስለነበር ፎርማት ተደርጎ አዲስ ፕሮግራም ተጫነበት። ጠዋት ስትከፍተው የነበረው የሁለት ሳምንት ደብዳቤ ብቻ ነበር። እኔ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አጠገቤ ተቀምጣ የፎልደሮቿን ስም ከቃሏ ትነግረኝ ነበር፦ ጉምሩክ፣ ባንክ፣ ትራንዚት፣ ኢንሹራንስ። የስምንት ዓመት መልእክት በፒኤስቲ ፋይል ውስጥ ነበረ፤ በዲስኩም ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበት ስለነበር ላገኘው አልቻልኩም። ፎርማት ያደረገው ባለሙያ «ኮፒ የሚደረግ ነገር አለ?» ብሎ ጠይቋት ነበር፤ እርሷም የዎርድና የኤክሴል ፋይሎቿን አሳየችው እንጂ ኢሜይል ፋይል ነው ብላ አላሰበችም፣ ልታስብ የምትችልበትም ምክንያት አልነበረም። ስለ ኢሜይሉ ለይቶ መጠየቅ የነበረበት እርሱ ነው።

ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በአካውንት ቅንብሩ ላይ ፖፕ ወይም አይማፕ ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በተጨማሪ በሌላ ኮምፒውተር ብራውዘር ወደ ኢሜይሉ ገብቶ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ፣ ከተላኩት መካከልም አንድ፣ ፈልጎ ማየት ነው።

«ስጽፍ የሚመጡልኝ ስሞች በአድራሻ ደብተሬ ውስጥ ናቸው»

የግድ አይደሉም። አውትሉክ የመጀመሪያ ፊደሎችን ስንጽፍ የሚያቀርባቸው ስሞች ከዚህ በፊት የላክንላቸው ሰዎች ዝርዝር ናቸው። እስከ 2007 ስሪት ድረስ ይህ ዝርዝር ለብቻው በሌላ ፋይል ይቀመጥ ስለነበር፣ የአድራሻ ደብተሩን ብቻ ያሻገረ ሰው እነዚህን ያጣቸዋል። በየቀኑ የምንጽፍላቸውን ሰዎች በደብተሩ ውስጥ አንድ በአንድ መፈለግ ይሻላል።

«አድራሻዎቹን በሲኤስቪ ካወጣኋቸው ምንም አይጎድልም»

ሲኤስቪ ተራ ሠንጠረዥ እንደመሆኑ ፎቶግራፍ አይዝም፣ የቡድን ዝርዝርንም እንደነበረ አያሻግርም። ለእኛ ደግሞ ሁለት የራሳችን ጣጣዎች አሉ። ፋይሉ የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮድ ካልተቀመጠ በአማርኛ የተጻፉ ስሞች ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ፤ አንዴ እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ስም ከዚያው ፋይል ተመልሶ አይገኝም። በ09 የሚጀምር ስልክም ኤክሴል እንደ ቁጥር ስለሚያነበው የመጀመሪያዋን ዜሮ ይጥላታል፣ ፋይሉ በዚያው ከተቀመጠም እንደጎደለ ይቀራል። ስለዚህ የወጣውን ሲኤስቪ በኤክሴል ከፍቶ «ሴቭ» አለማድረግ፣ አዲሱ ፕሮግራም የሚቀበል ከሆነም ቪካርድ በተባለው የአድራሻ ፋይል ዓይነት ማውጣት ይመረጣል።

«የድሮ የአማርኛ ደብዳቤዎቼን ያበላሻቸው አዲሱ ፕሮግራም ነው»

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙዎቻችን ዘንድ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች እንጽፍ ነበር። በዚያ ጊዜ በነበሩት ፎንቶች የተጻፈው ከሥር የላቲን ኮድ ሆኖ የግዕዝ መልክ የለበሰ ጽሑፍ ነበር። ፎንቱ በሌለበት አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ከደብዳቤ ጋር ተያይዘው የመጡ የዎርድ ፋይሎች ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ጽሑፉ ግን አልተበላሸም። የድሮው ፎንት ሲጫን እንደነበረ ይነበባል፤ እባካችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትሰርዙት።

«ፍላሽ ላይ ኮፒ ካደረግሁ ጨርሻለሁ»

አውትሉክ ክፍት እያለ ፒኤስቲ ፋይሉ ስለሚያዝ መጀመሪያ መዘጋት አለበት። ፍላሹ ፋት32 በተባለው የቆየ የፎርማት ዓይነት የተዘጋጀ ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም፤ የቆየ ፒኤስቲ ደግሞ ይህን መጠን ብዙ ጊዜ ያልፋል። ኦኤስቲ የተባለው ፋይል የሰርቨሩ ግልባጭ እንጂ ባክአፕ አይደለም። ኮፒው ካለቀ በኋላ ፋይሉ በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ፣ በውስጡ ካሉት ሁሉ የቆየው ደብዳቤ ከነአባሪው መነበብ አለበት፤ እስከዚያ ድረስ የድሮው ዲስክ አይነካ።