የመድረክ ዲኮርና የዲዛይነሮቹ ቅርስ አጠባበቅ

የመድረክ ንድፍ ቴአትሩ ሲወርድ አብሮ የሚፈርስ ጥበብ ነው። ለጸሐፌ ተውኔቱ ጽሑፉ፣ ለሙዚቀኛው ኖታው ይቀርለታል። የዲኮር ሠሪው እንጨትና ሸራ ግን የመጨረሻው ትርዒት ባለቀ ማግስት ይነቀላል፤ ሸራው በሌላ ቀለም ይቀባል፣ ጣውላው ለሚቀጥለው ሥራ ይቆረጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደሚታየው በአንድ መድረክ ላይ በሳምንቱ ብዙ ቴአትር በሚፈራረቅበት ቤት ደግሞ፣ ያለፈበትን ዲኮር የሚያስቀምጡበት ቦታ ማግኘትም ብርቅ ነው። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ በቤተ መዘክርና በቤተ መጻሕፍት የሚጠበቀው በአብዛኛው ዲኮሩ ሳይሆን ዱካው ነው፦ ረቂቅ ሥዕል፣ ማኬት (የዲኮሩ ትንሽ ሞዴል)፣ የአናጺ ፕላን፣ የጨርቅ ናሙና፣ የመብራት ሠንጠረዥ፣ ፎቶግራፍ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀደም ካሉት ታላላቅ ስብስቦች አንዱ የእንግሊዛዊው አርክቴክት የኢኒጎ ጆንስ (1573–1652) ነው። ጆንስ ለቀዳማዊ ጄምስና ለቀዳማዊ ቻርልስ ቤተ መንግሥት “ማስክ” ለሚባለው፣ ዘፈን፣ ጭፈራና ግጥም ለተቀላቀለበት ትርዒት ዲኮርና አልባሳት ይነድፍ ነበር። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ያ ሁሉ ሥራ የአንድ ወይም የጥቂት ሌሊት ዕድሜ ብቻ ነበረው፤ ከዲኮሩ የቀረ የለም። ሥዕሎቹ ግን በተማሪው በጆን ዌብ እጅ አልፈው፣ በኋላም ሎርድ በርሊንግተን ሰብስቧቸው፣ በጋብቻ ወደ ዴቮንሺር መሳፍንት ቤት ገቡ። ዛሬ ከ400 በላይ የሚሆኑት በመሳፍንቱ መኖሪያ በቻትስዎርዝ ይገኛሉ። በአንዳንዶቹ ወረቀቶች ላይ ቀቢዎቹ ሥዕሉን ወደ ትልቁ ሸራ ለማሳደግ ያሠመሩት የካሬ መረብ ይታያል፤ የዲኮር ቀለም የተረጨባቸውም አሉ። በእኔ ግምት የስብስቡ ዋጋ ያለው ከሥዕሉ ውበት ይልቅ በዚህ ላይ ነው። ለኤግዚቢሽን ተብሎ ኋላ የተሣለ ንጹሕ ሥዕል በግድግዳ ላይ ያምራል፤ ዲኮሩ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረው ግን በሠራተኞቹ እጅ የቆሸሸው ወረቀት ነው።

ዲኮሩ ራሱ የተረፈባቸው ቦታዎች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የተረፉትም በጥንቃቄ ሳይሆን በመረሳት ነው። ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ያለው የድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት ቴአትር በ1766 ለንግሥት ሎቪሳ ኡልሪካ ተሠራ፤ አርክቴክቱ ካርል ፍሬድሪክ አዴልክራንትዝ፣ የመድረኩን ማሽን የሠራው ደግሞ ጣሊያናዊው ዶናቶ ስቶፓኒ ነው። ልጇ ንጉሥ ጉስታቭ ሣልሳዊ ቴአትር ወዳድ ስለነበር ከሮም ሉዊ ዣን ዴፕሬ የተባለውን ፈረንሳዊ ዲዛይነር አስመጣ። ንጉሡ በ1792 ኦፔራ ቤት ውስጥ በጭምብል ግብዣ ላይ በጥይት ተመቶ ሲሞት ቴአትሩ ተዘጋና ዕቃ ማከማቻ ሆነ። በ1921 አግነ ባየር የተባለ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ አንድ ሥዕል ፍለጋ ገብቶ ማሽኑን ከነዲኮሩ በአቧራ ተሸፍኖ አገኘው። ገመዱ ተቀየረ፣ በሻማው ፈንታ ኤሌክትሪክ ገባ፤ በ1922 መድረኩ ተከፈተ። ከወለሉ ሥር ያለውን መዘውር ሰዎች ሲገፉት በሁለቱም ጎን ያሉት የዲኮር ክንፎች በአንድ ጊዜ ይንሸራተታሉ፤ ተመልካቹ በዓይኑ እያየ ጫካው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አዳራሽ ይሆናል። የማዕበል ማሽኑም ይሠራል፤ ነጎድጓዱ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የሚንከባለል ድንጋይ ነው። ለትርዒት የሚያገለግለው ቅጂ ዲኮር ሲሆን፣ የጥንቱ ሸራ ለብቻው ተቀምጧል።

የቼክ ሪፐብሊኩ የቼስኪ ክሩምሎቭ ቤተ መንግሥት ቴአትርም ከዚሁ ዘመን ነው። ዲኮሩን የሣሉት ከቪየና የመጡት ዮሐን ቬቸልና ሌዮ ሜርክል ናቸው። ቴአትሩ ለጥገና በ1966 ተዘግቶ ለጎብኚ እንደገና የተከፈተው በ1997 ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ላይ ነገሩ መልኩን ቀየረ፤ ታዋቂ ሠዓሊዎች ወደ መድረክ መጡና ሸራው የገበያ ዋጋ አገኘ። “ባሌ” የሚባለውን የምዕራባውያን ጭፈራ የሚያቀርበው የሩሲያው ሰርጌ ዲያጊሌቭ ቡድን ለፒካሶ፣ ለማቲስ፣ ለናታሊያ ጎንቻሮቫ፣ ለሌዮን ባክስት ሥራ ሰጠ። ዲያጊሌቭ በ1929 ቬኒስ ውስጥ ሲሞት የተረፈው ዲኮርና አልባሳት ለረጅም ዘመን በመጋዘን ከቆየ በኋላ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለንደን ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ ተሸጠ። ከገዢዎቹ መካከል የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኝበታል። በ1924 ለቀረበው የባሌ ትርዒት የተሠራውና በባሕር ዳር የሚሮጡ ሁለት ሴቶችን የሚያሳየው ግዙፍ መጋረጃ ዛሬ የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ንብረት ነው። “የፒካሶ መጋረጃ” ይባላል እንጂ ፒካሶ የሣለው በትንሽ ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ከዚያ አሳድጎ ሸራው ላይ ያሰፈረው የቡድኑ ቀቢ አሌክሳንደር ሸርቫሺድዜ ነው። ሥራው ፒካሶን ስላስደሰተው በገዛ እጁ ፈረመበት። የዲኮር ቀቢ ስም እንዲህ ሲወሳ የምንሰማው አጋጣሚው ሲፈቅድ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ አብዛኛው የስብስብ መዝገብ ከዲዛይነሩ በታች ያለውን ሰው አይቆጥርም።

ጥገናውን የሚያከብደው ቁሱ ነው። የድሮ ዲኮር ቀለም ዱቄት ቀለም በእንስሳት ሙጫ ተበጥብጦ የሚቀባ ስለሆነ፣ ሸራው በታጠፈ ቁጥር ይረግፋል፤ ውኃ ከነካው ደግሞ ይሟሟል። ከአሥር ሜትር በላይ የሆነን መጋረጃ ዘርግቶ የሚመረምር አዳራሽ ያለው ተቋም ጥቂት ነው፤ የተሻለው መንገድ በሰፊ በርሜል ላይ መጠቅለል ነው። ማኬት በበኩሉ ከካርቶን፣ ከስስ እንጨትና ከፕላስቲክ ይሠራል፤ በአውሮፓ የተለመደው መጠን 1፡25፣ በአሜሪካ 1፡24 ነው። ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ይላቀቃል። ሠሪው ለልምምድ ሳምንታት እንጂ ለመቶ ዓመት አስቦ ስላልሠራው አይፈረድበትም። አልባሳት ላይ ሌላ ጥያቄ አለ፦ የተጫዋቹ ላብ ይታጠብ ወይስ ልብሱ በእርግጥ መድረክ ላይ ለመዋሉ ማስረጃ ሆኖ ይቆይ?

ከተቋማት መካከል በሞስኮ አሌክሴ ባክሩሺን በ1894 የመሠረተው የቴአትር ቤተ መዘክር ከአንጋፋዎቹ ነው። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የእንግሊዛዊውን የመድረክ ዲዛይነር የኤድዋርድ ጎርደን ክሬግን ስብስብ በ1957 ገዛ። “ሞትሊ” በሚል ስም ይሠሩ የነበሩት የሦስት እንግሊዛውያት ዲዛይነሮች ንድፎች በ1981 ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከ1967 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ የሚካሄደው የፕራግ ኤግዚቢሽን ደግሞ የየሀገሩን ዲዛይነሮች ሥራ በአንድ ቦታ ያሳያል።

የጠፋን ዲኮር መልሶ መሥራትም አንድ ዘዴ ነው። በ1913 ፓሪስ ላይ ረብሻ ያስነሳው የሙዚቃ ደራሲው የስትራቪንስኪ ባሌ “የፀደይ ሥርዓት” በ1987 በአሜሪካው ጆፍሪ ባሌ እንደገና ሲቀርብ፣ ሚሊሰንት ሆድሰን ጭፈራውን፣ ኬኔት አርቸር ደግሞ የኒኮላስ ሬሪክን ዲኮርና አልባሳት ከተረፉት ልብሶች፣ ከረቂቆችና ከምስክሮች ቃል ለቅመው ሠሩት። ውጤቱ እስከ ምን ድረስ የመጀመሪያው ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ ልብሶቹ ባይተርፉ ግን ክርክሩም ባልኖረ ነበር።

እንጨትና ሸራ በብርሃን ሲተኩ ደግሞ የሚያዝ ነገር ይጠፋል። ቼኩ ዮሴፍ ስቮቦዳ (1920–2002) በብርሃን ግድግዳ ይሠራ፣ በፊልምና በመስተዋት ቦታ ይፈጥር ነበር፤ በስሙ የሚጠራው የመብራት ዕቃ እስከ ዛሬ በቴአትር ቤቶች አለ። ዕቃው መኖሩ ግን ትርዒቱን አይመልስም፤ መብራቱ የትኛው ቃል ላይ እንደበራ፣ በስንት ሰከንድ እንደደበዘዘ የሚያሳየው የመድረክ መሪው ደብተር ነው። የዛሬ ዲዛይነር ያንን ደብተር በኮምፒውተር ይዞታል፤ ፋይሉ የሚከፈተው በተሠራበት ፕሮግራም ከሆነና ፕሮግራሙ ከገበያ ከወጣ፣ ከጆንስ ወረቀት ቀድሞ ይጠፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ መዝገብ ቤቶች ዋናውን ፋይል ከተለመደ የምስል ቅጂ ጋር አብረው ይቀበላሉ፤ ዲዛይነሩን በሕይወት ሳለ ማኬቱ ፊት አስቀምጠው ድምፁን ይቀዳሉ።

ከመረከብ በፊት የባለቤትነት ጉዳይም ይጣራል። በብዙ አገር ልማድ የተሠራው ዲኮር የአዘጋጁ ድርጅት ሲሆን የንድፉ መብት የዲዛይነሩ ነው፤ ማኬቱ የማን እንደሆነ ግን ውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ወርክሾፑ ውስጥ የቀረውን የሚጥለው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይጥለዋል።