ቋጥኝ ሃምሳ ሎሚ አይደለም፦ ስለ ግቢ ድንጋይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ግቢውን በጥቁር ድንጋይ ማስዋብ የፈለገ ሁሉ «ሰው ከበዛ የማይነሣ ድንጋይ የለም» ይለኛል። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሆነው ሎሚ ስለሚከፋፈል ነው። ቋጥኝ አይከፋፈልም። ስድስት ሰው ቢከበው ደህና መያዣ የሚያገኙት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ናቸው፤ የአንዱ እጅ ካዳለጠው ክብደቱ በቅጽበት በሌላው ወገብ ላይ ያርፋል። ዘንዘልማ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ጎረቤት ሰብስቦ እንዲህ ሲያነሣ የአንድ ወጣት ጣቶች ከድንጋዩ ሥር ተጨፍልቀዋል። ያንኑ ድንጋይ በኋላ እኔና አንድ ረዳቴ በድጅኖ ቦታው አደረስነው።

ከባድ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ይንከባለላል፤ በእጅ አይነሣም። ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ድጅኖ ከሥሩ አስገቡና ከጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ፤ ጉልበታችሁ በ9 ይባዛል። ድንጋዩ ትንሽ ከፍ ሲል ሽብልቅ አስገቡበት፤ እጅ በፍጹም አይግባ። እንደገና ፈንቅሉ፣ ጣውላ አንጥፉ፣ በጣውላው ላይ ድቡልቡል አጠና ደርድሩና ግፉት። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ከድንጋዩ በታች ማንም አይቁም።

«ስፋቱ እጥፍ ከሆነ ክብደቱም እጥፍ ነው።» አይደለም፤ ርዝመቱና ከፍታውም አብረው እጥፍ ስለሚሆኑ 8 እጥፍ ነው። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ጥቁር ድንጋይ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 60 ሴንቲ ሜትሩ 320 ገደማ። ባሬላ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ለክታችሁ አስሉ።

«ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ቀላል ነው።» ከድፍኑ ይቀላል፤ ለወገባችሁ ግን አይቀልም።

«ክረምት መሬቱ ስለሚለሰልስ ይሻላል።» ዋልካ ሲርስ አጠናውንም፣ የእጅ ጋሪውንም፣ እግራችሁንም ይውጣል። መሬቱ በደረቀበት በጥርና በየካቲት ሥሩ።

«ከጣና ዳር መልቀም ይቻላል፤ የማንም አይደለም።» ይህ ያናድደኛል። ያ ድንጋይ ማዕበሉን እየሰበረ አፈሩን የያዘ ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ለአንድ ግቢ ጌጥ ተብሎ ዳርቻው አይራቆትም። ለቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣ ድንጋይ በየሰፈሩ ተከምሮ ባለቤቱ የሚያነሣለት ይፈልጋል፤ እሱን ጠይቁ።

«መሬት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።» እንዲያ የተቀመጠ ድንጋይ ከመኪና የወደቀ ይመስላል፣ ልጅ ሲወጣበትም ይገለበጣል። ሲሶውን ያህል ቅበሩት። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጉድጓዱን ትንሽ አጥልቁና ከሥሩ ጠጠር ደልድሉ።