ቡድንተኝነትንና የግድግዳ ጽሑፍን መከላከል በጎንደር

ጎንደር ከተማ ውስጥ «ግሩፕ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰፈር ያደጉ፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ወይም አንድ ፑል ቤት የሚያመሹ ወጣቶች ስብስብ ነው። ስብስቡ በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ለሰፈር ጥል ሴንጢና ፌሮ ይዞ ሲወጣ፣ ሞባይል ሲነጥቅ ወይም ከባለሱቅ በማስፈራራት ገንዘብ ሲቀበል ነው። ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከቡድን ጥል ጋር የሚገናኘው አንዳንዴ ብቻ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ችግር ቆጥሮ በአንድ ዘመቻ ለማጥፋት መነሳት ለሁለቱም አይበጅም።

ሥራው ከከተማ አስተዳደሩ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ውጤት የሚታየው ግን ከቀበሌም በታች፣ ቀጠና ላይ ነው። የማኅበረሰብ ዐቀፍ ፖሊሱ፣ የሰላምና ፀጥታ ኃላፊው፣ ሚሊሻው፣ ደንብ አስከባሪውና የዕድር ዳኞች በየጊዜው ካልተገናኙ እያንዳንዱ የያዘው መረጃ እዚያው ይቀራል። ዱሮ አገሬው አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ ጥፋት ሲደርስ የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ አጥፊውን ሳያወጣ አይበተንም። የዛሬው የቀጠና ስብሰባ በመልኩ ያንን ይመስላል። ነገር ግን ከተማ ውስጥ በሕዝብ ፊት ስም መጥራት አደጋ አለው፦ ስም የጠራው ሰው ማታ በዚያው መንገድ ወደ ቤቱ የሚገባው ብቻውን ነው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ የሚነሳው ቦታና ሰዓት ብቻ መሆን አለበት፤ ስም ለፖሊሱ ለብቻው ይነገራል።

ቦታና ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። ጥልና ንጥቂያ ከተማው ላይ እኩል አይበተንም፤ አውቶቡስ ተራ፣ የገበያ መውጫ፣ የትምህርት ቤት በር፣ አምፑሉ የጠፋ ቅያስ ላይ ይከማቻል። ወቅትም አለው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የወረዱ ወጣቶች ደመወዛቸውን በኪሳቸው ይዘው በጎንደር በኩል ሲመለሱ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ነጣቂ ይበዛል። ሮንድ የሚወጣው ሰው ቁጥሩ ያው ሆኖ ሰዓቱና ማዕዘኑ ቢቀየር እንኳ ለውጥ ያመጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ቅያስ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን ከሚዞሩ ስድስት ሰዎች የተሻለ ይሠራሉ። የተሰበረ አምፑል በሳምንት ውስጥ ካልተተካ ያ ቅያስ ባለቤት ያገኛል። ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚለቁበትን ሰዓት በ20 ደቂቃ ማራራቅ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው፤ የተቃቃሩ ልጆች መንገድ ላይ አይገናኙም።

አፈሳ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384/1996 ሥራ ፈትቶ መንገድ ላይ የቆመን ወጣት ሁሉ ለማጋዝ ሰበብ ሲሆን፣ ተከታዩ ከአለቃው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። የገባው በሰፈር ልጅነት፣ የሚወጣው በቡድን አባልነት ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ ወጣት አጥፊም ከአዋቂ ተለይቶ መያዝ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ደንግጓል። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ በልዩ እርምጃ እንጂ በአዋቂ ቅጣት አይዳኝም። እነዚህን የሚያውቅ የቀበሌ ሠራተኛ ዕድሜ ሳያጣራ ልጅ አያስይዝም።

አንድ ግሩፕ ሲጠና ሁሌም ለማለት በሚያስችል ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት መሪዎችና ብዙ ተከታዮች ይወጡታል። መሪው በተጨባጭ ማስረጃ፣ በፈጸመው ድርጊት ይከሰሳል። ተከታዩን የሚመልሰው ግን ቤተሰቡ፣ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኩ፣ ከሁሉም በላይ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚፈጸም ስሕተት አለ፦ አንድን ግሩፕ እንዳለ ወስዶ በአንድ ማኅበር ማደራጀት። ኮብልስቶን ይጠርባሉ ተብሎ ብድርና ቦታ ሲሰጣቸው የቀድሞው አለቃ ሊቀ መንበር ይሆናል፤ ቡድኑ ማኅተም አገኘ ማለት ነው። የሚሻለው ልጆቹን ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር ቀላቅሎ መመደብ፣ ክፍያውንም ለእያንዳንዱ በሠራው ልክ በስሙ መስጠት ነው። ደም የተፋሰሱ ሰፈሮች ካሉ ሥራው ከዕርቁ በፊት አይጀመርም። ሽማግሌዎች ዋስ ካላስጠሩና ካሳ ካልቆረጡ ሁለቱን ወገኖች መዶሻና መሮ አስይዞ አንድ ቦታ ማዋል አደጋ ነው።

ለገንዘብ ሲባል የሚፈጸም እገታ የሰፈር ግሩፕ ጉዳይ አይደለም፤ በቀበሌ ስብሰባና በሮንድ አይፈታም። የመርማሪ ፖሊስ ሥራ ነው።

ስለ ግድግዳው

ጎንደር ግድግዳ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ዓይነቱ ብዙ ነው፦ በከሰል የተጻፈ የልጅ ስም፣ የፋሲል ከነማ ደጋፊዎች «አፄዎቹ»፣ የደላላ ስልክ ቁጥር፣ «መሽናት ክልክል ነው»፣ የፖለቲካ መፈክር፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የአንድን ሰፈር ልጆች የሚያስፈራራ ጽሑፍ። ለፖሊስ የሚደርሰው የመጨረሻው ብቻ ነው። መፈክር የጻፈን ወጣት በግሩፕ አባልነት መመዝገብ መረጃውን ያበላሻል፤ ሰውንም ይበድላል። በወንጀል ሕጉ በሌላ ሰው ንብረት ላይ የሚደርስ ተራ ጉዳት የሚያስከስሰው ባለንብረቱ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፤ የአጥር ባለቤቶች ደግሞ በአብዛኛው አያቀርቡም። በተግባር ዋናው ሥራ ቶሎ ማጥፋት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከማጥፋት በፊት ግን ፎቶ ይነሳል። ለልክ እንዲሆን አንድ ደብተር ግድግዳው ላይ ተይዞ፣ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ አካባቢውን በሚያሳይ ርቀት። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጻፈበት ነገርና የጠፋበት ቀን ይመዘገባል። ማስፈራሪያ ከሆነ ፖሊስ ሳያየው አይነካም።

በኖራ የሚቀባ ግድግዳ ላይ ከሰል ተቦርሾ ወዲያው ይቀባል። ስፕሬይ ግን ኖራ ስለማይዝለት ጽሑፉ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይታያል፤ መጀመሪያ ተፍቆ ሻካራ መሆን አለበት። የኖራ ሊጥ አንድ እጅ፣ ውኃ ሦስት እጅ ሆኖ በወንፊት ይጣራል። ውፍረቱ እንደ ወተት ነው፤ የወፈረ ኖራ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ግድግዳው ቀድሞ በውኃ ይርሳል፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በቀጭኑ ይቀባል፣ በመካከሉ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ግድ ነው። የቆርቆሮ አጥር በቲነር ተወልውሎ በዘይት ቀለም ይቀባል። በሁሉም ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ጽሑፉን ብቻ በአራት ማዕዘን መሸፈን። ያ ጥግ ለቀጣዩ ጸሐፊ የተዘጋጀ ሰሌዳ ይሆናል፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን መቀባት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለቅርስ ግንብ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር አለው፤ ከውጭ በኩል የከተማው ሰው በየቀኑ አጠገቡ ያልፋል። ድንጋዩ ባዛልት፣ ማያያዣው ኖራ ነው። የሽቦ ብሩሽ የድንጋዩን ፊት ይልጣል፤ ጠቆር ያለው ግንብ ላይ ነጣ ያለ ጠባሳ ትቶ ጽሑፉን በሌላ መልክ ያጸናዋል። ኃይለኛ የውኃ ግፊት የኖራውን ማያያዣ ያጥባል። አሲድ ይበላዋል፤ ቲነር ደግሞ ቀለሙን አቅጥኖ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ሲሚንቶማ ከጥንትም ተሞክሮ ጎድቷል፦ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነው ክፍል በኋላ ተነስቶ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ስለዚህ ቀበሌው የሚያደርገው ፎቶ አንስቶ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ማሳወቅ ብቻ ነው። የቅርስ ባለሙያ የመዳፍ ስፋት ባለው ቦታ ሞክሮ፣ ማሟሚያውን ከነጭ ሸክላ ጋር ለውሶ ይለጥፋል፣ በላስቲክ ይሸፍናል፣ ቀለሙ ወደ ሊጡ ሲሳብ በእንጨት ያነሳዋል። በምስማር የተፋቀ ስም ግን አይመለስም። ቅርስን ሆን ብሎ ማበላሸት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ከ10 እስከ 20 ዓመት እንደሚያስቀጣ በየበሩ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ አብዛኛው ስሙን የሚፍቅ ጎብኚ ይህን አያውቅም።

የጥምቀት ሰሞን የሁለቱ ሥራዎች መገናኛ ነው። ተመሳሳይ ካናቴራ ለብሰው ዱላ ይዘው የሚጨፍሩት የየሰፈሩ ወጣቶች ያው ከላይ የተባሉት ስብስቦች ናቸው፤ ምንጣፍ የሚያነጥፉትና ሕዝቡን በሥርዓት የሚያሳልፉትም ከእነሱው መካከል ናቸው። የየትኛው ሰፈር ልጆች በየትኛው መንገድ፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚወርዱ ቀድሞ በሽማግሌዎች ፊት ካልተወሰነ ግጭቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ላይ ይነሳል። ቀለሙም ጊዜ ይፈልጋል። ታቦታቱ የሚያልፉባቸው አጥሮች ሦስት ጊዜ ተቀብተው እስኪደርቁ አራት አምስት ቀን ይሄዳል፤ ከገና እስከ ከተራ ያለው ደግሞ 11 ቀን ብቻ ስለሆነ ኖራው ከታኅሣሥ 29 በፊት በርሜል ውስጥ መሟሟት አለበት።