ትርጉም ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች፣ ከአባ ዳኘው እስከ ፈረንሳይ ንጉሥ

«የቃል ትርጉም ማለት ቃሉ የሚጠራው ነገር ነው» ሲባል እሰማለሁ። እስኪ እንየው። የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ስም አባ ዳኘው ነው። ሁለቱም ስሞች የሚጠሩት አንድ ሰው ነው። ትርጉም ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው» የሚለው «ምኒልክ ምኒልክ ናቸው» ከሚለው በምንም አይለይም ነበር። ግን የፈረስ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ጠይቁ። ምኒልክ አድዋ እንደዘመቱ ያውቃል፤ «አባ ዳኘውስ ዘምተዋል?» ስትሉት ግን «እሳቸው ደግሞ ማናቸው?» ይላችኋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትሎብ ፍሬጌ በ1892 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በኮከብ አሳየ፦ የንጋት ኮከብም የምሽት ኮከብም ቬነስ የተባለችው ፕላኔት ናት። የተጠራችው አንድ፣ የተጠራችበት መንገድ ግን ሁለት። ፍቺ የምንለው ይህን መንገድ ነው።

«ይሄማ የኛው ሰምና ወርቅ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። ሰምና ወርቅ ላይ አንዱ ኅብረ ቃል ሁለት ፍቺ ይሸከማል። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለት ስም፣ አንድ ሰው። ቅኔ ስለምወድ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ያሳስበኛል።

«የሌለ ነገር ከተጠራ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም የለውም» የሚለውም ስህተት ነው። «የአሁኑ የፈረንሳይ ንጉሥ ራሰ በራ ነው።» ፈረንሳይ ንጉሥ የላትም፤ ግን የተባለው ስለገባን ነው «ኧረ የላትም!» የምንለው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በ1905 እ.ኤ.አ. ዓረፍተ ነገሩን በሦስት ፈታው፦ ንጉሥ አለ፣ ከአንድ አይበልጥም፣ እሱም ራሰ በራ ነው። የመጀመሪያው እውነት ስላልሆነ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ሐሰት ሆነ። ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ፒተር ስትሮሰን ግን በ1950 እ.ኤ.አ. «ንጉሡ ከሌለ እውነት ነው ሐሰት ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሳም» ብሎ ሞገተው። እኔ ወደ ስትሮሰን አደላለሁ።

በጣም የሚያስቸግረው ግን «ቃላቱ ግልጽ ከሆኑ ዓረፍተ ነገሩም ግልጽ ነው» የሚለው ነው። የክፍል አለቃው ለመምህሩ «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» አለ እንበል። ክፍሉ ባዶ ነው? ወይስ ጥቂት ልጆች ቀርተዋል? በሁለቱም ያስኬዳል። ቃላቱ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው አሉታው («አልመጡም» ላይ ያለው «አል…ም») የት ድረስ እንደሚደርስ ነው። «ሁሉም መጡ» የሚለውን እንዳለ ካፈረሰው ሦስት ልጅ መቅረቱ ይበቃል። «መጡ» የሚለውን ብቻ ካፈረሰ ግን አንድም ልጅ ክፍል ውስጥ የለም። ስለዚህ ማስታወቂያ ስትጽፉ «አንድም ተማሪ አልመጣም» ወይም «የቀሩ ተማሪዎች አሉ» በሉ።