በኮንቬክሽን ማይክሮዌቭ መጋገር፦ ለመሀል አዲስ አበባ ኩሽና

ኮንቬክሽን ማይክሮዌቭ ከተራው የሚለየው ማሞቂያ ሽቦና ማራገቢያ ስላለው ነው። የማይክሮዌቭ ሞገድ ብቻውን ዳቦ አያቀላም፤ ቅርፊት የሚያወጣው ማራገቢያው የሚያዞረው ትኩስ አየር ነው። ውጭ አገር በመኖሪያ መኪኖች ውስጥ በብዛት ይገጠማል፤ እዚህ ደግሞ ትልቅ ኦቨን ለማይገባባቸው እንደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ላሉ ጠባብ ኩሽናዎች ይመቻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የከተማዋን ከፍታ ረስቶ ነው። 2,350 ሜትር አካባቢ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ «የዳቦው ውስጥ 96 ሲደርስ አውጡ» የሚለውን መመሪያ የተከተለ ሰው ዳቦውን ያደርቃል እንጂ 96ን አያይም። 90 ይበቃል። አየሩ ስስ በመሆኑ ሊጥም ቶሎ ይነፋል፤ ኬክ መሀሉ ሳይጸና ጉብ ይልና ይሰጥማል። ስለዚህ ለ250 ግራም ዱቄት 10 ግራም ቤኪንግ ፓውደር ከተባለ 7 ግራም ይበቃል፤ ስኳሩ በ2 የሾርባ ማንኪያ ይቀነስ፣ ወተቱ በ2 ይጨመር።

ለትንሽ ድፎ 500 ግራም ዱቄት፣ 330 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 4 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 9 ግራም ጨውና ጥቁር አዝሙድ ያስፈልጋል። ሊጡ አንዴ ኩፍ ካለ በኋላ ተጨፍልቆ እንደገና ኩፍ ይበል። በኮንቬክሽን ብቻ 200 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ካሞቁ በኋላ በ180 ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋገራል። መጋገሪያው 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ከማይክሮዌቩ የውስጥ ግድግዳ 2 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አለዚያ አየሩ አይዞርም። መጋገሪያው ላይ ኮባ ከተነጠፈ ከጠርዙ የተረፈው ይከርከም፣ ወደ ላይ የወጣው ቶሎ ያርራልና። ላዩ ቀልቶ ታቹ ነጭ ከቀረ ጥፋቱ የመስታወት ሳህኑ ነው፤ መጋገሪያውን በአጭሩ የሽቦ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ፣ በመጨረሻዎቹ 8 ደቂቃዎችም ድፎውን ገልብጡት። የብረት መጋገሪያ በኮንቬክሽን ችግር የለውም፤ በተራ ማይክሮዌቭ ግን ብልጭታ ያስነሳል።

መብራቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከ220 ቮልት ወደ 190 ሲወርድ የማሞቂያው ኃይል በሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ ቀድሞ ማሞቁ የሚጓተተው፣ ኬኩም የሚገረጣው ለዚህ ነው። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን መሰካት ገመዱን ሊያቀልጥ ይችላል። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። ሲመለስ ሰዓቱ ስለሚጠፋ የቀረውን ደቂቃ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል፤ ዳቦ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፣ መሀሉ ያልጸና ኬክ ግን አይነሳም።