ፒ ቫልዩ ምንድን ነው?

ሰኔ ሲቃረብ ደሴ ፒያሳ ያሉ የጽሕፈትና የኅትመት ቤቶች በተመራቂ ይሞላሉ። ፍላሽ የያዘው፣ የሚያስጠርዘው፣ "ዲፌንሴ ነገ ነው፣ እባክህ ቅድሚያ ስጠኝ" እያለ የሚለምነው ብዙ ነው። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ አንዲት የሳይኮሎጂ ተማሪ አጠገቤ ተቀምጣ የመመረቂያ ጽሑፏን ምዕራፍ አራት፣ የውጤቱን ክፍል፣ ስታርም፣ ስክሪኗ ላይ "ፒ = .000፣ ስለዚህ መላምቱ ተረጋግጧል" የሚል ዓረፍተ ነገር አየሁ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። "ኤስፒኤስኤስ ያወጣው ነው" አለችኝ፤ መረጃ የሚያሰላላትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ማለቷ ነው። መጠይቁን በየትምህርት ቤቱ በእግሯ ዞራ ያስሞላች ልጅ ናት፤ ስንፍና አይደለም። ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ አሳይተዋታል፤ ምን እንደሚናገር ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳት የለም።

ፒ ቫልዩ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ አሁን ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የማየት ዕድላችን ስንት ነበር? "ምንም ልዩነት የለም" የሚለው መነሻ ግምት ነል ሃይፖተሲስ ይባላል። ፒ የሚሰላው ይህ ግምት እውነት ነው ተብሎ ተይዞ ነው። ይህችን ነጥብ የሳተ የቀረውንም ይስታል።

ዘውድና ጎፈር እንጫወት። ሳንቲሙን 10 ጊዜ ወረወርነው እንበል፤ 9 ጊዜ ጎፈር ወጣ። ሳንቲሙ ደህና ከሆነ 10 ውርወራ በ1,024 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊወጣ ይችላል፣ የሁሉም ዕድል እኩል ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱ ገጽ፣ ዘውድም ይሁን ጎፈር፣ 9 ወይም 10 ጊዜ የሚወጣባቸው 22 ብቻ ናቸው። 22 ለ1,024 ሲካፈል .021 ይሆናል። ፒ ቫልዩ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ሳንቲሙ የተበላሸ የመሆኑ ዕድል 97.9 በመቶ ነው ማለት ነው? አይደለም። ሳንቲሙ ከእናታችሁ መቀነት ተፈትቶ ቢሆን ወይም ከታወቀ ቁማርተኛ ኪስ ወጥቶ ቢሆን ፒ ያው .021 ነው፤ ጥርጣሬያችሁ ግን እኩል አይሆንም። ፒ የሚነግረን መረጃው ከነል ሃይፖተሲስ ጋር ምን ያህል እንደማይስማማ ነው፤ የኛ መላምት እውነት የመሆኑን ዕድል አይነግረንም። "ተረጋግጧል" የሚለውን ቃል አውጡት የምለው ለዚህ ነው። "ውጤቱ መላምቱን ይደግፋል" ማለት ይበቃል።

ፒ ከ.05 ሲያንስ ውጤቱ "ሲግኒፊካንት" (በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው) ይባላል፤ ይህ የ.05 ድንበር የመጣው ከልማድ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከ20 አንድ ለሥራ አመቺ መለያ መሆኑን ጻፈ፣ ሌላው ተከተለው። በ.049 እና በ.051 መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ነው፤ ለዚህም ነው ከ.05 በታች ነው ብሎ ከማለፍ ትክክለኛውን ቁጥር መጻፍ የሚሻለው።

አጻጻፉ ላይ እንምጣ። ከደሴ 30፣ ከኮምቦልቻ 30 ተማሪዎች የፈተና ጭንቀት መጠይቅ ሞሉ እንበል (ቁጥሮቹን ለማሳያ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ)። ውጤቱ እንዲህ ይጻፋል፦

"የደሴ ተማሪዎች የፈተና ጭንቀት (አማካይ = 24.7፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን = 5.2) ከኮምቦልቻ ተማሪዎች (አማካይ = 21.4፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን = 5.6) ከፍ ያለ ነበር፤ ቲ(58) = 2.37፣ ፒ = .021፣ ዲ = 0.61።"

ዓረፍተ ነገሩ ቁጥሮቹ ቢወጡለትም ማን ከማን እንደበለጠ ይናገራል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነጥቦቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ ያሳያል፤ ቲ ሁለቱን አማካዮች ለማነጻጸር የሚሰላ ቁጥር ነው፤ ዲ የልዩነቱ መጠን ነው፣ ወደ እሱ እንመለሳለን። ከቲ ቀጥሎ በቅንፍ ያለው 58 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (በናሙናው ብዛት የሚወሰን ቁጥር) ነው፦ ከ60ዎቹ ተማሪዎች ለሁለቱ ቡድኖች ሁለት ተቀንሶ። የሳይኮሎጂ ተማሪዎች የሚጠየቁት የኤፒኤ (የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር) አጻጻፍ ደግሞ ከፒ ነጥብ በፊት ዜሮ አያስገባም፣ ምክንያቱም ፒ ከ1 ሊበልጥ አይችልም። ዲ ሊበልጥ ስለሚችል ዜሮው ይጻፍለታል።

የልጅቱ .000 ከየት መጣ? እሷ የተጠቀመችበት የሶፍትዌሩ ቅጂ የሚያሳየው ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ ስለሆነ፣ ከ.0005 ያነሰውን ሁሉ .000 አድርጎ ያወጣዋል። እንዲህ ዓይነት ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ትክክለኛው አጻጻፍ "ፒ < .001" ነው።

ተማሪዎች አዘውትረው የሚረሱት "ዲ" የተባለውን ቁጥር ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ የገባ ደሴዬ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ልዩነቱን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልገውም። እዚሁ ደሴ በሁለት አጎራባች ሰፈሮች መካከል ግን ጥሩ መሣሪያ ይዘን ለብዙ ቀናት ብንለካ፣ የዲግሪ ክፋይ የምታህል ልዩነት አግኝተን ፒው ከ.05 በታች ሊወርድ ይችላል። ለዚያ ብሎ ልብስ የሚቀይር ግን የለም። ናሙና ሲበዛ ትንሹም ልዩነት "ሲግኒፊካንት" ይሆናል። መጠኑን የሚናገረው ዲ ነው፦ የሁለቱ አማካዮች ልዩነት ለጋራ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው ሲካፈል ማለት ነው። በምሳሌያችን 3.3 ለ5.4 ተካፍሎ 0.61 መጣ። በተለመደው መለኪያ 0.2 አነስተኛ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ከፍተኛ ይባላል።

ፒ ከ.05 በላይ ሲሆንስ? "ልዩነት የለም" ተብሎ አይጻፍም። ያለው ልዩነት በ60 ሰው ሳይታይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ "በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም" ይባልና ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጣል።

ይህን ስነግራት ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ ሌላ ፋይል ከፈተች። ፒው .34 ሆኖ ስለመጣ ሙሉ በሙሉ ያወጣችው ሠንጠረዥ ነበር። ገልብጣ ወደ ምዕራፍ አራት መለሰችውና ከሥሩ አማካዮቹን መጻፍ ጀመረች።